«ጉዳዬ የት ደረሰ?»፦ የሥራ መከታተያ ሶፍትዌሮች በተገልጋይ ሚዛን

በልደታ ክፍለ ከተማ ባለጉዳይ የሚበዛባቸው ተቋማት ተቀራርበው ይገኛሉ። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ፣ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ የክፍለ ከተማው አስተዳደርና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በየዕለቱ በርካታ ዜጎችን ያስተናግዳሉ። የጉዳዮቹ ዓይነት ቢለያይም በመስኮቶቹ ፊት የሚነሣው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ ጉዳዬ የት ደረሰ? አሁን በማን እጅ ነው? መቼስ ያልቃል?

ይህ ጥያቄ መልስ የሚያጣው ሁልጊዜ በሠራተኛ ቸልተኝነት ምክንያት አይደለም። ብዙውን ጊዜ መልስ እንዲሰጥ የሚጠበቅበት ሠራተኛ ራሱ መልሱን አያውቀውም። አንድ ማመልከቻ ከመዝገብ ቤት ወደ ኃላፊ፣ ከኃላፊ ወደ ቡድን መሪ፣ ከቡድን መሪ ወደ ባለሙያ ሲመራ ጉዞው በአንድ ቦታ ካልተመዘገበ፣ ማመልከቻው ያለበትን ለማወቅ ከክፍል ወደ ክፍል መዞር የግድ ይሆናል። የሚዞረውም ባለጉዳዩ ነው። እንግልት የምንለው ችግር አንድ ትልቅ ምንጩ ይኸው ነው።

ክፍተቱን ለመሙላት ከሚቀርቡት አማራጮች አንዱ የቡድን ሥራ መከታተያ ሶፍትዌር ነው። የእነዚህ ሶፍትዌሮች ምርጫ በተለምዶ የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል የውስጥ ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ በምርጫው የሚጠቀመውም ሆነ የሚጎዳው በመጨረሻ አገልግሎት ፈላጊው ስለሆነ፣ ሚዛኑ ምን መሆን እንዳለበት ዜጎችም ሊያውቁ ይገባል። የዚህ ትንታኔ ዓላማም ሶፍትዌሮቹን በተገልጋዩ ሦስት ጥያቄዎች መመዘን ነው።

ጉዳዩ ለምን አሁን ይነሣል?

በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ የመንግሥት አገልግሎቶችን ወደ ዲጂታል አሠራር የማሸጋገር አቅጣጫ አስቀምጧል። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ደግሞ በተለያዩ ተቋማት ተበታትነው ይሰጡ የነበሩ አገልግሎቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር አሰባስቧል። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያም በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል።

እነዚህ እርምጃዎች ዜጋው የሚቀርብበትን መስኮት ቀይረዋል። ከመስኮቱ በስተጀርባ ያለው የሥራ ክፍፍል ካልተቀናጀ ግን ውጤቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ማመልከቻ በአሥር ደቂቃ ተቀብሎ ውሳኔውን ለአሥር ሳምንት የሚያቆይ ተቋም መግቢያውን እንጂ አገልግሎቱን አላዘመነም። ስለዚህ የቀጣዩ ጊዜ ዋና ሥራ ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ነው።

የሥራ መከታተያ ሶፍትዌር ምንድን ነው?

በቀላሉ ሲገለጽ፣ እያንዳንዱን ሥራ በአንድ ካርድ የሚወክል ሰሌዳ ነው። በካርዱ ላይ የሥራው ስም፣ የሚሠራው ባለሙያ፣ የሚጠናቀቅበት ቀንና ያለበት ደረጃ ይሰፍራሉ። ሰሌዳው ለምሳሌ «የገባ»፣ «በሥራ ላይ ያለ»፣ «ፊርማ የሚጠብቅ» እና «የተጠናቀቀ» በሚሉ ዓምዶች ይከፈላል፤ ሥራው በተራመደ ቁጥር ካርዱ ከዓምድ ወደ ዓምድ ይሸጋገራል።

የሐሳቡ ምንጭ የጃፓኑ ቶዮታ ኩባንያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ታይቺ ኦኖ በተባሉ መሐንዲስ መሪነት የዳበረው «ካንባን» የተሰኘ አሠራር በፋብሪካ ውስጥ የሥራን ፍሰት በወረቀት ካርዶች ይቆጣጠር ነበር። አሠራሩ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። የጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ኤጀንሲ (ጃይካ) በ30 የማምረቻ ድርጅቶች ላይ ያካሄደውን የሙከራ ፕሮጀክት ተከትሎ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ሲቋቋም፣ ከቶዮታ የሥራ ባህል የተቀዱ ዘዴዎች ወደ አገራችን ፋብሪካዎችና መሥሪያ ቤቶች ገብተዋል። በየቢሮው ግድግዳ ላይ የተለጠፉት የካይዘን ሰሌዳዎች የዚህ ምስክሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ለገበያ የቀረበው ትሬሎ ይህንኑ ሰሌዳ ወደ ስክሪን አምጥቶታል፤ አሳና፣ ጂራ፣ ማንደይና ማይክሮሶፍት ፕላነርም ተመሳሳይ የሰሌዳ አሠራር ይሰጣሉ።

የካንባን ዋና ትምህርት ግን ከካርዱ ይልቅ ገደቡ ላይ ነው። አንድ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ በእጁ የሚይዘው ሥራ በቁጥር የተወሰነ መሆን አለበት። በአንድ ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ሰማንያ ማኅደር ከተቆለለ፣ ሰማንያዎቹም «በሥራ ላይ ያሉ» ሊባሉ አይችሉም፤ አብዛኞቹ ወረፋ ላይ ናቸው። ጥሩ ሰሌዳ ይህን እውነት ለኃላፊው ያሳያል። ኃላፊውም ሥራውን ለሌላ ባለሙያ እንዲያካፍል ወይም ለባለጉዳዩ እውነተኛውን ቀን እንዲነግር ያስችለዋል።

ሥራን መመዝገብና መምራት በራሱ በአገራችን አስተዳደር የቆየ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስቴር አንዱ ነበር፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴም ኃላፊነቱን ይዘው ነበር። የመዝገብ ቤቱ ገቢና ወጪ መዝገብ፣ በደብዳቤ ኅዳግ የሚጻፈው ምሪት፣ ቁጥርና ቀን የሰፈረበት ማኅተም የዚያ ሥርዓት ወራሾች ናቸው። የፍርድ ቤት መዝገብም ሦስት ነገሮችን ይይዛል፤ የመዝገብ ቁጥር፣ የተመደበበት ችሎትና የቀጠሮ ቀን። ልደታ ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው ሁሉ ሦስቱን በቃሉ ያውቃቸዋል። ቁጥሩ «የት» ለሚለው፣ ችሎቱ «በማን እጅ» ለሚለው፣ ቀጠሮው «መቼ» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሆናል። አዲስ ሶፍትዌርም ከዚህ ያነሰ መልስ የሚሰጥ ከሆነ መሻሻል ነው ለማለት ያስቸግራል።

ዛሬ በቢሮዎች ያለው አሠራር

ሶፍትዌር ለመግዛት የሚነሣ ተቋም ባዶ ሜዳ ላይ አይጀምርም። በአሁኑ ጊዜ የቡድን ሥራ በአብዛኛው በሦስት መንገዶች ይመራል፤ በወረቀት መዝገብ፣ በኤክሴል ሠንጠረዥና በቴሌግራም ቡድን።

መዝገቡ ጠንካራና መብራት የማይፈልግ ነው፤ ነገር ግን አንድ ቅጂ ብቻ ስላለው ከመዝገብ ቤቱ ውጭ ያለ ሰው ሊያየው አይችልም። ኤክሴል ለመቁጠርና ለመደመር ይመቻል፤ ሆኖም «የመጨረሻው»፣ «የመጨረሻው የታረመ» እየተባለ በየኮምፒዩተሩ ሲባዛ የትኛው ትክክል እንደሆነ መለየት ያዳግታል።

ቴሌግራም ደግሞ ዛሬ የብዙ ቡድኖች እውነተኛ የሥራ መከታተያ ሆኗል። በስልክ ይሠራል፣ በደካማ ኢንተርኔትም ይላካል፣ ሁሉም ያውቀዋል። ይሁን እንጂ መልእክት ሥራ አይደለም። ጠዋት የተላከ መመሪያ ከሰዓት በኋላ ከመቶ መልእክቶች በታች ይቀበራል። «ታይቷል» የሚለው ምልክት ኃላፊነቱን ማን እንደተቀበለ አይናገርም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የዜጎች መታወቂያ፣ የሕክምና ማስረጃ ወይም የይዞታ ካርታ በስልክ ተነሥቶ በቡድን ሲላክ በእያንዳንዱ አባል የግል ስልክ ላይ ይቀራል። ሠራተኛው ሲዛወር ስልኩን ይዞ ይሄዳል፤ የባለጉዳዩ ማስረጃም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ አዲስ ሶፍትዌር ሲመዘን መነጻጸር ያለበት በማስታወቂያው ላይ ከቀረበው ሌላ ምርት ጋር ብቻ ሳይሆን፣ ዛሬ ከሚሠራበት የቴሌግራም ቡድንም ጋር ነው። ከቴሌግራም የከበደ ሶፍትዌር ሠራተኛው አይጠቀምበትም፤ የቴሌግራምን ችግር የማይፈታ ሶፍትዌር ደግሞ ለባለጉዳዩ አይጠቅምም።

የቡድን ሥራና የባለጉዳይ መዝገብ

በዚህ ምርጫ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ። የመጀመሪያው የቡድን ሥራ ነው። ስብሰባ ማዘጋጀት፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት መጻፍ፣ የሥልጠና መርሐ ግብር ማውጣት በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ሁለተኛው የባለጉዳይ መዝገብ ነው። ይህ መብትን የሚመለከት ስለሆነ የተረጋገጠ ደረሰኝ፣ ሊሰረዝ የማይችል የእርምጃዎች ታሪክና ለባለጉዳዩ ክፍት የሆነ የመከታተያ መንገድ ያስፈልገዋል።

በዓለም ገበያ ላይ ያሉት ታዋቂ የሰሌዳ ሶፍትዌሮች በአብዛኛው የተሠሩት ለመጀመሪያው ዓላማ ነው። በመሆኑም አንድ ካርድ በስሕተት ቢሰረዝ በቡድን ሥራ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል ሲሆን፣ ካርዱ የአንድ ዜጋ የካሣ ጥያቄ ብቸኛ መዝገብ ከሆነ ግን ጉዳቱ ከባድ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ነገር መሆን ይኖርበታል፤ የመዝገብ ቁጥር። ባለጉዳዩ ደረሰኝ ላይ የሚያየው ቁጥርና ባለሙያው ሰሌዳ ላይ የሚያየው ቁጥር አንድ ሲሆን «ጉዳዬ የት ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ በደቂቃ ይመለሳል።

ሰባት የመመዘኛ ነጥቦች

አንደኛ፣ የሥራ ፍሰቱ አስቀድሞ ተስተካክሏል ወይ? የአገራችን ሲቪል ሰርቪስ ከ1990ዎቹ ጀምሮ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥን፣ ቀጥሎም ውጤት ተኮር የምዘና ሥርዓትን ተግባራዊ ሲያደርግ ቆይቷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ቅጹ ሲቀየርና ሥራው ሳይቀየር ሲቀር ቅጽ መሙላት ራሱ ተጨማሪ ሥራ ይሆናል። አንድ ማመልከቻ ሰባት ፊርማ የሚያስፈልገው ከሆነ ሶፍትዌሩ በስድስተኛው ፊርማ ላይ መቆሙን ያሳያል እንጂ ስድስተኛው ፊርማ ያስፈልግ እንደሆነ አይወስንም። ያን የሚወስነው ኃላፊው ነው።

ሁለተኛ፣ የእኛን ቀንና ሰዓት ያውቃል ወይ? የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፤ የመጀመሪያው ሩብ ዓመትም ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። አብዛኞቹ የውጭ ሶፍትዌሮች የሚቆጥሩት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሲሆን ጳጉሜንን አያውቋትም። ልዩነቱን ሁልጊዜ በአንድ ቋሚ ቁጥር ማስላትም አይቻልም፤ ለምሳሌ በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረች መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የዋለው እንደተለመደው በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ነበር። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ለባለጉዳይ «ከቀኑ 9 ሰዓት ይምጡ» ተብሎ የተሰጠ ቀጠሮ በሶፍትዌሩ ላይ እንዳለ «9፡00» ተብሎ ቢገባ ማስታወሻው ለሠራተኛው የሚደርሰው ጠዋት በ3 ሰዓት ነው። «በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ» የሚል ቃል ከተገባም ሶፍትዌሩ ቅዳሜና እሑድን ብቻ ሳይሆን ገናን፣ ጥምቀትን፣ እንዲሁም በጨረቃ የሚወሰኑትን ኢድ አል ፈጥርና አረፋን ማወቅ አለበት። ለ«ሐበሻ ቀጠሮ» የምንወቅሰው ሰውን ብቻ ቢሆንም፣ የተሳሳተ ቀን ቆጣሪም የራሱ ድርሻ አለው።

ሦስተኛ፣ ፊደላችንንና ስማችንን በትክክል ይፈልጋል ወይ? የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ ደረጃ ውስጥ ከተካተተ ወዲህ በአማርኛ መጻፍ ቀላል ሆኗል። መፈለግ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በድምፅ አንድ ሆነው በኮምፒዩተር ዘንድ ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ዓለምፀሐይ» ተብሎ የተመዘገበ ስም «አለምጸሃይ» ተብሎ ሲፈለግ ሶፍትዌሩ «አልተገኘም» ይላል። በመስኮቱ በኩል ያለው ሰው የሚሰማው ቃል ደግሞ «ፋይልዎ የለም» የሚል ነው። ፋይሉ ግን አለ። በተጨማሪም የውጭ ቅጾች የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ፤ በእኛ ሥርዓት ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም በመሆኑ አንዱ ሠራተኛ በአባት፣ ሌላው በአያት ስም ሲመዘግብ የአንድ ሰው ጉዳይ ለሁለት ይከፈላል። የመዝገብ ቁጥርን የፍለጋ መሠረት ማድረግ የሚመረጠው በዚህም ምክንያት ነው።

አራተኛ፣ መረጃው የት ይቀመጣል? ማንስ ያየዋል? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻና በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲውል ይጠይቃል፤ መረጃ ከአገር ውጭ ስለሚተላለፍበት ሁኔታም ድንጋጌዎች አሉት። የአዋጁን አፈጻጸም የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በክላውድ የሚሠሩ የውጭ ሶፍትዌሮች መረጃውን በአብዛኛው የሚያስቀምጡት በውጭ አገር ሰርቨሮች ላይ ስለሆነ፣ የዜጎችን ማስረጃ በእነርሱ ላይ መጫን ቀላል ውሳኔ አይደለም። በጥንቃቄ ከተሠራ በሥራ ካርድ ላይ የመዝገብ ቁጥሩና የሚፈለገው እርምጃ ብቻ መጻፍ ይበቃል። የበሽታ ስም፣ የፋይዳ ቁጥር ወይም የቤተሰብ ክርክር ዝርዝር በካርድ ርእስ ላይ ሊሰፍር አይገባም። ሥርዓቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የደኅንነት ፍተሻ ማለፉም ሊረጋገጥ ይገባል፤ በዚህ ረገድ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ሚና ከፍተኛ ነው።

አምስተኛ፣ ዋጋው በዓመታት ውስጥ ስንት ይሆናል? ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች የሚከፈሉት በተጠቃሚ ብዛት፣ በየወሩና በዶላር ነው። ለምሳሌ ያህል ለአንድ ተጠቃሚ በወር 10 ዶላር የሚያስከፍል ሶፍትዌር ለ60 ሠራተኞች በዓመት 7,200 ዶላር ይጠይቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ስለነበር ወጪው 410,400 ብር ነበር። በዓመቱ ዶላሩ ከ130 ብር በላይ ሲሆን ይኸው አገልግሎት፣ ዋጋው በዶላር ሳይጨምር፣ ከ936,000 ብር በላይ ይፈልጋል። በብር ለተመደበ በጀት ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ስድስተኛ፣ መውጫው ክፍት ነው ወይ? በብዙ ሚሊዮን ተጠቃሚዎች የነበሩት ዉንደርሊስት የተባለው የሥራ ዝርዝር ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2015 በማይክሮሶፍት ተገዝቶ በ2020 ተዘግቷል። የጂራ ባለቤት አትላሲያን ኩባንያም ደንበኞች በራሳቸው ሰርቨር ላይ ይጭኑት ለነበረው «ሰርቨር» ለተባለው ምርቱ የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 አቁሟል። ሁለቱም ሕጋዊ የንግድ ውሳኔዎች ናቸው። የመንግሥት መዝገብ ግን ከኩባንያ የንግድ ዕቅድ በላይ መኖር አለበት። ስለሆነም ከውሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው መረጃው በሙሉ፣ የእርምጃዎቹ ታሪክም ጭምር፣ በሌላ ሥርዓት ሊነበብ በሚችል መልክ መውጣት መቻሉ ነው። መብራት ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን እንደሚደረግም አብሮ መታየት አለበት። «ሲስተም የለም» የሚለው መልስ ቢያንስ ማመልከቻ መቀበልንና ቁጥር መስጠትን ሊያስቆም አይገባም፤ ተከታታይ ቁጥር ያለው የደረሰኝ ጥራዝ በእጅ መኖሩ ችግሩን ያቃልላል።

ሰባተኛ፣ የሚለካው ምንድን ነው? ሰሌዳዎች «የተጠናቀቀ» ካርድ መቁጠር ይወዳሉ። ነገር ግን «ማስረጃ አልተሟላም» ተብሎ የተመለሰ ማመልከቻም በሰሌዳው ላይ ተጠናቋል። ያው ሰው በሳምንቱ ተመልሶ ሲመጣ አዲስ ካርድ ይከፈትለታል፤ በቁጥር ሲታይ ቡድኑ ሁለት ሥራ ሠርቷል፣ ባለጉዳዩ ግን አንድም አገልግሎት አላገኘም። ትክክለኛው መለኪያ ባለጉዳዩ መጀመሪያ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ውሳኔ እስካገኘበት ቀን ያለው ጊዜና በመካከሉ የተመላለሰበት ብዛት ነው። ሰሌዳው ሠራተኛን ለመቅጣት ብቻ የሚውል ከሆነም ካርዶች በወረቀት ላይ መዘጋት ይጀምራሉ። ለምን እንደዘገየ በግልጽ የሚጻፍበት ቦታ መኖሩ ለኃላፊውም ለባለጉዳዩም ይበጃል።

የትኛው ዓይነት ለየትኛው ሥራ?

ከእነዚህ ነጥቦች በመነሣት አማራጮቹን በሦስት ከፍሎ ማየት ይቻላል።

እንደ ትሬሎና አሳና ያሉ የክላውድ ሰሌዳዎች ለመማር ቀላል ናቸው፤ ለትንንሽ ቡድኖች በነፃ ወይም በአነስተኛ ዋጋ ይገኛሉ። የዜጋ ስም የማይገባባቸውን የውስጥ ሥራዎች፣ ለምሳሌ የስብሰባ ወይም የዘመቻ ዝግጅትን፣ ለመምራት ተስማሚ ናቸው። ለባለጉዳይ መዝገብ ግን የመረጃው መቀመጫ፣ የዶላር ክፍያውና የቀን አቆጣጠሩ እንቅፋት ይሆናሉ።

ከቢሮ ሶፍትዌር ጥቅል ጋር አብረው የሚመጡት፣ እንደ ማይክሮሶፍት ፕላነር ያሉት፣ ፈቃዱን አስቀድሞ ለገዛ ተቋም ተጨማሪ ወጪ ላያስከትሉ ይችላሉ። አዲስ ግዢ ከመፈጸም በፊት በእጅ ያለውን መፈተሽ ተገቢ ነው። የመረጃ መቀመጫው ጥያቄ ግን በእነርሱም ላይ ይነሣል።

ኮዳቸው ክፍት የሆነ፣ በራስ ሰርቨር የሚጫኑት ሬድማይን፣ ኦፕንፕሮጀክትና ዊካን በሦስተኛው ምድብ ይገኛሉ። መሠረታዊ ቅጂያቸው የፈቃድ ክፍያ የለውም፤ መረጃው በተቋሙ እጅ ይቆያል፤ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠርና የተመሳሳይ ድምፅ ፊደላትን ፍለጋ በአገር ውስጥ ባለሙያ ማስጨመር ይቻላል። ይሁን እንጂ ነፃ ማለት ያለ ወጪ ማለት አይደለም። ሰርቨር፣ መጠባበቂያ ኃይል፣ የዕለት ቅጂና ሥርዓቱን የሚጠብቅ ቋሚ ባለሙያ ይጠይቃል። ባለሙያው ሲለቅ የሚተካው ከሌለ ሥርዓቱ ይቆማል። ይህን አቅም እያንዳንዱ ወረዳ ለየብቻው እንዲገነባ መጠበቅ አዳጋች ስለሆነ፣ በማዕከል ተዘጋጅቶ ለብዙ ጽሕፈት ቤቶች የሚያገለግል አሠራር የተሻለ ይሆናል። መሶብ በመስኮቶች ላይ የተከተለው የማሰባሰብ ሐሳብ ከመስኮቱ ጀርባም ሊሠራ ይችላል።

የትኛውም ቢመረጥ በአንድ ቡድን፣ በአንድ የአገልግሎት ዓይነት፣ ለተወሰኑ ወራት መሞከር ይቀድማል። በሙከራው ማብቂያ ላይ ሠራተኞች ወደዱት ወይ ከሚለው ጋር ባለጉዳዮች ስንት ጊዜ ተመላለሱ የሚለውም ሊጠየቅ ይገባል።

ተገልጋዮች ምን መጠየቅ ይችላሉ?

ሶፍትዌር ኖረም አልኖረ፣ የሚከተሉትን መጠየቅ ጉዳይዎ ዱካ እንዲኖረው ያደርጋል።

1. ማመልከቻ ሲያስገቡ የገቢ ቁጥርና ቀን በቅጂዎ ላይ እንዲሰፍርልዎ ይጠይቁ። ቁጥሩን በስልክዎ ፎቶግራፍ አንሥተው ያስቀምጡ።

2. ጉዳይዎ የተመራበትን የሥራ ክፍል ስም ይጠይቁ። የባለሙያው ስም ባይነገርዎ እንኳ የክፍሉ ስም መንገድ ያሳያል።

3. የቀጠሮውን ቀንና ሰዓት በጽሑፍ ይያዙ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑንም ያረጋግጡ።

4. የጎደለ ማስረጃ ካለ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተዘርዝሮ እንዲነገርዎ ይጠይቁ። ይህ ተደጋጋሚ ምልልስን ይቀንሳል።

5. «ፋይልዎ የለም» ከተባሉ በመዝገብ ቁጥር፣ ካልሆነም ስምዎ በሌላ የፊደል አጻጻፍ እንዲፈለግልዎ በትሕትና ያሳስቡ። በመታወቂያዎ ላይ ያለውን አጻጻፍ በሁሉም ማመልከቻዎች ላይ ሳይለውጡ መጠቀም ችግሩን አስቀድሞ ይከላከላል።

6. ማስረጃዎን በሠራተኛ የግል ስልክ ከመላክዎ በፊት የተቋሙ የሥራ አድራሻ መኖሩን ይጠይቁ።

ቀጠሮው ካለፈና በቂ ምክንያት ካልተሰጠዎ በቅድሚያ ለተቋሙ ቅሬታ ሰሚ ክፍል ያቅርቡ። የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም በአስተዳደር በደል ላይ አቤቱታ ይቀበላል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል አስተዳደር ተቋማት ውሳኔያቸውን በምክንያት እንዲያስደግፉ ያዛል፤ በተቋሙ ውስጥ ያለውን የቅሬታ ሥርዓት ጨርሶ ቅር የተሰኘ ሰው ውሳኔው በፍርድ ቤት እንዲከለስለት ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ አያጣም፤ ስለዚህ በሥርዓቱ የተላከልዎትን የማረጋገጫ መልእክት እንደ ወረቀት ደረሰኝ ጠብቀው ይያዙ።

ማጠቃለያ

የሥራ መከታተያ ሶፍትዌር ለመንግሥት ተቋማት ጠቃሚ መሣሪያ ነው። የተሸሸገውን ወረፋ ይገልጣል፣ የሥራ ክፍፍልን ያስተካክላል፣ አንዱ ሠራተኛ ሲቀር ሌላው ከቆመበት እንዲቀጥል ያስችላል። ይህን የሚያደርገው ግን ሥራው አስቀድሞ ሲስተካከል፣ ቀኑ የእኛ ቀን ሲሆን፣ ስሙ በማንኛውም አጻጻፍ ሲገኝ፣ መረጃው ሲጠበቅና መለኪያው የባለጉዳዩ ጊዜ ሲሆን ነው። በግዢ ኮሚቴ ፊት የሚቀርብ ማንኛውም ሶፍትዌር በመጨረሻ አንድ ቀላል ፈተና ሊሰጠው ይገባል፤ አንድ የደረሰኝ ቁጥር ይሰጠውና ጉዳዩ የት እንደደረሰ፣ በማን እጅ እንዳለና መቼ እንደሚያልቅ ይጠየቅ። ባለጉዳዩ ከመስኮቱ ሳይርቅ ሦስቱን የሚመልስ ከሆነ ለአገልግሎት ተስማሚ ነው፤ የማይመልስ ከሆነ ገጽታው የቱንም ያህል ቢያምር የዜጋውን እንግልት አይቀንስም።